የበሬሳ ወንዝ ከምንጩ እስከ ባሕር

ይህ መጽሔት ለደብራችን ኢዮቤልዩ መታሰቢያ እንዲሆን በታሰበ ጊዜ፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ አድባራቱና ስለ መምህራኑ የሚጽፉ ሊቃውንት እንደማይጠፉ ዐውቀን እኛ ስለ ውኃው ለመጻፍ ወደድን። ውኃው ከሁላችን በፊት በዚህ አገር የኖረ ነው። ሕፃኑ ይጠመቅበታል፤ የማኅበሩም ጠላ ይጠመቅበታል። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን ልጆች አንዱ «የበሬሳ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ወደ ጀማ» ከማለት አልፎ የሚመልስለት ሰው ጥቂት ነው። አባቶቻችን ግን ይህን ውኃ እስከ መጨረሻው ያስቡት ነበር፤ በውኃው መጨረሻ ማን እንደሚኖር፣ በዚያ በሚኖረውም ላይ ምን እንደ ደረሰበት ይጠይቁ ነበር። ይህን ለማስረዳት ከምንጩ መነሣት ይገባል።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገዱ ብዙው ክፍል ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚሰማራበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያነጣው ሰፊ ደጋ ነው። ወደ መጨረሻው ግን ምድሩ በድንገት ያልቅና ታላቅ ገደል ይሆናል፤ ከታች አንኮበር በተራራዋ ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ ከእርስዋም ወዲያ ጉሙ በተገለጠ ጊዜ የአፋር ቆላ እስከ ዓይን ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ ጠርዝ እንደ ቤት ክዳን ነው። አንዱ ደመና ሲያዘንብበት በምዕራብ በኩል የወደቀው ነጠብጣብ ወደ በሬሳ፣ በምሥራቅ በኩል የወደቀው ወደ አይራራ ይሄዳል። በሁለቱ ነጠብጣቦች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ማሳ የማይበልጥበት ስፍራ አለ፤ ዕጣቸው ግን እጅግ ይራራቃል።

ስለ አይራራ አስቀድመን ጥቂት እንበል፤ መንገዱ አጭር ነውና። አይራራ ከአንኮበር በታች በገደሉ ይወርድና ከሌሎች ጅረቶች ጋር እየተጋጠመ ወደ አዋሽ ወገን ይሄዳል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሸዋ በነገሡበት ዘመን፣ ማለት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፣ አንኮበር የሸዋ መናገሻ ነበረች። የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ሐሪስ ከንጉሡ ጋር በ1834 ዓ.ም. ውል የተዋዋለው በዚህ አገር ሳለ ነው። የዚያን ዘመን ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ባለ ሙያ በውኃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ለንጉሡ ሠርቶ ነበር፤ ካህናቱ ግን ድንጋዩ ያለ ሰው እጅ ሲዞር ባዩ ጊዜ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለ አወገዙት ወፍጮው ቆመ። በዛሬ ዕውቀት ተመክቶ በእነዚያ አባቶች መሳቅ ቀላል ነው። እኛን የሚያሳዝነን ሌላ ነው፤ ወፍጮው በቆመ ጊዜ ድካሙ የተመለሰው በካህናቱ ትከሻ ላይ ሳይሆን፣ ሌሊት ተነሥተው እህል በሚፈጩት ሴቶች ክንድ ላይ ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚቀረው መንገድ ያን ያህል ረጅም ሳይሆን በዚያው ቀልጦ ይቀራል። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. ወንዙን ተከትሎ እስከዚህ ሐይቅ ድረስ ሄዶ መጨረሻውን ዐይቷል። የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ወንዙ ወደ ባሕር ባይደርስም የባሕሩ ጨው ወደ ወንዙ አገር ይመጣ ነበር። የአዳል ነጋዴዎች ከአሳል ሐይቅ የቈረጡትን ጨው በግመል እየጫኑ ከአንኮበር በታች ወዳለው ወደ አልዩ አምባ ገበያ ያወጡት ነበር።

ጠቢቡ ሰሎሞን በመክብብ ወንዞችን ሁሉ ወደ ባሕር ይሸኛቸዋል። የአንኮበር ሰው አይራራን ዐይቶ በዚህ ቃል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የትርጓሜ መምህር ግን መልስ አያጣም፤ ባሕር ማለት የጨው ውቅያኖስ ብቻ አይደለምና። ጣናን ባሕር እንለዋለን፤ በጥምቀት ታቦታቱ የሚወርዱበትን ኩሬ ባሕረ ጥምቀት እንለዋለን፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሩቅ አገር የመጣውንም ዛፍ ባሕር ዛፍ ብለነዋል። እንዲህ ከሆነ አቤም ባሕር ነው፤ አይራራም ቃሉን አላፈረሰም።

አሁን ወደ በሬሳ እንመለስ። በሬሳ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ ካለው ከፍተኛ ደጋ፣ ከብዙ ትንንሽ ምንጮችና ከረግረግ ሣር ውስጥ ይወጣል። ይህ ነው የሚባል አንድ ትልቅ ምንጭ የለውም፤ እረኛ ተሻግሮት ልብ የማይለው ቀጭን ውኃ ነው። ወደ ከተማው ሲደርስ ግን ወንዝ ይሆናል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነግሠው ሳሉ በሰማይ ላይ ብርሃን በመታየቱ በዚህ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ አገሩንም ደብረ ብርሃን አሉት። ይህ ብርሃን በ1448 ዓ.ም. የታየው ባለ ጅራት ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በፊት እንደ ልማዱ ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲዘዋወሩ ኖረው፣ ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ 12 ዓመት ያህል በደብረ ብርሃን ተቀመጡ። ለብዙ ሠራዊትና ለብዙ ከብት በአንድ ስፍራ ያን ያህል ዘመን መቀመጥ የሚቻለው ሣርና ውኃ ባለበት ነው፤ ስለዚህ ስፍራውን ያስመረጠው ብርሃኑ ቢሆን፣ ሰፈሩን ያጸናው በሬሳ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ታላቅ ከተማ ሆናለች። ብርድ ልብስ፣ ቢራ፣ ቆዳና ሌላም ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዙሪያዋ ቆመዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። ከምእመናኑ ልጆች ብዙዎች በዚህ ሥራ እንጀራ ይበላሉና እኛ ፋብሪካን የምንነቅፍ አይደለንም። ነገር ግን የከተማው ጥራጊና የፋብሪካው እጣቢ የሚወርደው ወደ በሬሳ ነው። ውኃውን የመረመሩ ምሁራን ከከተማው በታች ያለው ከከተማው በላይ ካለው የተበላሸ መሆኑን ጽፈዋል። ይህን ለማወቅ ምርመራም አያስፈልግም፤ ሽታው ይናገራል። ከከተማው በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፣ ጎመኑንና ሽንኩርቱን የሚያለማው በዚሁ ውኃ ነው፤ ያንን ጎመን ደግሞ እኛው ከገበያ ገዝተን እንበላዋለን።

በሬሳ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት በሜዳ ከሄደ በኋላ ወደ ገደል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው አገር በከፍታ የተለያየ ነው፤ ከላይ የጠጉለት፣ የሞረትና የጅሩ ሜዳ ስንዴና ጤፍ ያበቅላል፤ ከታች ባለው ሸለቆ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ማሽላ ይዘራል። በገደሉ ወገብ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይውላሉ። ከላይ ያለው ሰውና ከታች ያለው ሰው ሊጠራሩ ይችላሉ፤ ለመገናኘት ግን የቀን መንገድ ይፈጅባቸዋል።

ውኃው ምድሩን እየቈረጠ ያደረገው ይህ ገደል እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከምድር ሆድ በእሳት ቀልጦ የወጣ ነው። ከእርሱ በታች የአሸዋ ድንጋይ አለ። ወደ ጀማ ታች ሲወረድ ደግሞ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ እርሱም በጥንት ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ነው። የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ባሕሩ በዚህ አገር የነበረው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው ይላሉ። ስለዚህ በሬሳ ወደ ሩቅ ባሕር ለመድረስ ሲሄድ አስቀድሞ በደረቀ ባሕር ላይ ያልፋል።

በሬሳ ከሌሎች ወንዞች ጋር እየተጋጠመ ወደ ጀማ ይገባል። ወደ ጀማ የሚመጣው ውኃ ብዙ ነው፤ ከአንጎለላና ከጫጫ በኩል ይመጣል፤ ከመርሐቤቴና ከሚዳ ይመጣል፤ ከደብረ ሊባኖስ ገደልም ይመጣል። የደብረ ሊባኖስን ስም ከጠራን ዘንድ ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የገዳሙን መነኮሳት በገደሉ አጠገብ ፈጀ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ዲያቆናቱን ወደ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ አምጥቶ በጥይት ደበደባቸው። የፋሺስቱ ጦር ራሱ ያስታወቀው ቍጥር 297 መነኮሳትና 129 ዲያቆናት ነው፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ የሟቾቹ ቍጥር ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። የመነኮሳቱ ደም የፈሰሰበትን ምድርና የዲያቆናቱ ደም የፈሰሰበትን ምድር የሚያጥበው የክረምት ውኃ በጀማ ይገናኛል።

ጀማ ከግራ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ከዚህ በኋላ የበሬሳ ስም አይነሣም። ከጣና የወጣው ዓባይ ጎጃምን ዞሮ የሸዋን፣ የወሎንና የወለጋን ውኃ ሰብስቦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። አባቶቻችን ዓባይን ከገነት ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ ግዮን ነው ይሉታል፤ ይህን ሁላችን ስለምናውቀው አንዘረዝረውም። በክረምት ግን ይህ የገነት ወንዝ ቀለሙ ጭቃ ነው። ጭቃውም የእኛ ነው፤ ከኩበት በቀር ማገዶ የሌለው ገበሬ የማዳበሪያውን ፋንታ ወደ ምድጃ ካገባ በኋላ፣ ተዳፋቱን ሲያርስ የሚታጠበው የእርሻው አፈር ነው። በአንኮበር ገደል ያለው የወፍ ዋሻ ጥንታዊ ደን ጉሙን ይዞ ምንጩን ሲጠብቅ ላየ ሰው፣ የቀረው ደጋ ራቁቱን መሆኑ ያሳዝናል።

በጉባ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይገኛል። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር ሲሆን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ገንዘቡ ከሠራተኛው ደመወዝና ከገበሬው ኪስ ጭምር የወጣ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ደብር ምእመናን መካከል ቦንድ ያልገዛ ቤት ጥቂት ይሆናል። ከበሬሳ የወረደው ውኃ በዚያ ጥቂት ያርፋል፤ መዘውሩን አዙሮ መብራት ከሰጠ በኋላ መንገዱን ይቀጥላል። አፈሩ ግን በሐይቁ ውስጥ ይቀራል። የደጋውን አፈር መያዝ እንግዲህ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ለግድቡም ዕድሜ ነው።

በሱዳን ምድር ዓባይ የሮሰይረስንና በ1918 ዓ.ም. የተመረቀውን የሰናርን ግድብ አልፎ የገዚራን ጥጥ ያጠጣል፤ በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከካርቱም አጠገብ ሶባ የምትባል ስፍራ አለች፤ አሁን ፍርስራሽ ናት፤ ቀድሞ ግን የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ወደ ታች ዶንጎላ የማቁርያ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ከዚያም በታች በፋራስ ታላቅ ካቴድራል ነበረ፤ አሸዋ ሸፍኖት ኖሮ የአስዋን ግድብ ውኃ ሳያሰጥመው በፊት የፖላንድ ሊቃውንት ቆፍረው ከመቶ የሚበልጡ ሥዕሎች አገኙበት። ጳጳሳቱ በልብሰ ተክህኖ፣ ሦስቱ ሕፃናትም በእሳቱ ውስጥ ሆነው ተሥለዋል። ሥዕሎቹ ዛሬ ገሚሶቹ በካርቱም፣ ገሚሶቹ በዋርሶ ይገኛሉ። በዚህ ወንዝ ዳር እንደ እኛ ቀድሰው፣ እንደ እኛ አጥምቀው የኖሩ ሕዝቦች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ቅዳሴያቸውን የሚቀድስ አንድ ስንኳ የለም። ወንዙ ተሻግሮ ሲሄድ ይህን ማየቱ ለካህናት የሚያሳስብ ነገር ነው።

ግብፅ ስንደርስ ከእኛ አገር የሚሄደው ውኃ ስንት እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። ወደ አስዋን ከሚደርሰው ውኃ ከመቶው 85 እጅ ያህሉ ከኢትዮጵያ ነው፤ እርሱም ዓባይ፣ ተከዜና ባሮ የሚያወርዱት ነው። ግብፆችም ጥንት ያውቁት ነበር። በዚህ ምክንያት በሁለቱ አገሮች መካከል አንድ ያልተጻፈ መያዣ ነበረ። ቅዱስ አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማን ከሾመልን ጀምሮ ጳጳስ የሚመጣልን ከእስክንድርያ ነው፤ ጳጳሱም እንዲወጣ የሚፈቅደው የግብፅ ገዥ ነበር። እንግዲህ እነርሱ ጳጳሱን፣ እኛ ውኃውን ይዘን እንተያይ ነበር።

በዚያ ዘመን በግብፅ፣ ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት በሰሜኑ ረግረግ አጠገብ፣ ደብረ ምጥማቅ የሚባል የእመቤታችን ገዳም ነበረ። ግንቦት 21 ቀን የምናከብረው በዓል እርሱ ነው፤ እመቤታችን በዚያ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ትገለጥ ነበርና። በ1430 ዓ.ም. ገደማ ይህ ገዳም ፈረሰ። ወሬው በቄሱና በነጋዴው አፍ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ወጥቶ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን በጠጉለት አገኛቸው። ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ አዘኑ፤ በዚያው በጠጉለት ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስሟን ደብረ ምጥማቅ አሏት። በ1442 ዓ.ም. ገደማ የሰንበትን ነገር የቈረጠው ታላቁ ጉባኤ፣ ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት የተደረገው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ በወንዙ አፍ የፈረሰው ገዳም በወንዙ ራስ ተሠራ። ጠጉለት ውኃዋን ወደ ጀማ የምታወርድ አገር ናትና ይህን የምንለው በምሳሌ ብቻ አይደለም።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለግብፁ ሡልጣን ለጀቅመቅ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልእክተኞቹ በ1436 ዓ.ም. ገደማ ካይሮ ደረሱ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ክርስቲያኖቹ እንዲጠበቁ መለመን ሲሆን፣ ዓባይ ከእርሳቸው ምድር እንደሚወጣ፣ እግዚአብሔርን መፍራትና በሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ባይከለክላቸው ኖሮ ሊያግዱት እንደሚችሉ አስታወቁ። በእውነቱ በዚያን ዘመን ዓባይን የሚያግድ ብልሃት አልነበረም፤ ዛቻው ቃል ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ብልሃቱ በጉባ ቆሟል። ስለዚህ ከዚያ ደብዳቤ እኛን ሊያሳስበን የሚገባው ዛቻው ሳይሆን፣ ንጉሡ እጃቸውን የያዘ ነው ያሉት ነገር ነው።

የጳጳሱ መያዣ ግን ተፈታ። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በሰኔ 1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። የተወለዱት በሚዳ ሚካኤል ነው፤ ይህም ውኃው ወደ ጀማ የሚወርድ አገር ነው። ዓባይ ከአባ ሰላማ ጀምሮ ጳጳስ ሲልክልን ከነበረው አገር ወደ እኛ አንድም ጊዜ ሽቅብ አልፈሰሰም፤ በመጨረሻ ግን ከውኃው ራስ የተነሣ አንድ ሸዌ ወደ ካይሮ ወርዶ በማዕርግ ተመለሰ።

ከካይሮ በታች ዓባይ ይከፈላል፤ አንዱ ክንድ በረሺድ፣ ሌላው በደምያጥ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ያ ሰፊ ለም መሬት ዓባይ በብዙ ሺህ ዓመት ተሸክሞት የሄደው አፈር ነው፤ ከእርሱም ብዙው ከእኛ ደጋ የታጠበ ነው። በ1962 ዓ.ም. የአስዋን ታላቅ ግድብ ካለቀ ወዲህ አፈሩ ወደዚያ መድረሱን ተወ፤ ከዚያ ጀምሮ በረሺድ በኩል ያለውን የባሕር ዳር ማዕበሉ እየበላው መሬቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ወደ ባሕር የሚደርሰውም ውኃ ጥቂት ነው፤ መስኖውና ከተማው ጠጥተውት የቀረው ነው። የቀድሞው ደብረ ምጥማቅ የነበረበት አገር በሁለቱ ክንዶች መካከል፣ ከጨዋማው ረግረግ አጠገብ ነው። ግንቦት 21 ቀን እኛ በዓሉን ስናከብር ክረምት አልገባምና በሬሳ በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚያንስበት ጊዜ ነው፤ በድንጋዩ መካከል ቀጥኖ፣ ከከተማው የተቀበለውን ሁሉ ይዞ፣ ወደ ጀማ ይወርዳል።